የልጄ ጉልበት አካባቢ "አንድ ነገር አለ" ተባልን፣ ሐሙስ ናሙና ሊወሰድ ነው። ምን ልጠይቅ?

እንቅልፍ_አጣሁ | ሰኞ፣ ማታ 4:20

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ኳስ ካገኘ ቤት አይገባም። ከሁለት ወር በፊት "ከጉልበቴ በላይ ያመኛል" አለ። ወድቆ ይሆናል ብለን ቅባት ቀባን። ያየው ሐኪምም "እያደገ ስለሆነ ነው፣ ይተወዋል" አለን። አልተወውም። ቀን ይሮጣል፣ ሌሊት እያመመው ይነቃል። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ሲቀይር አየሁት። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ አብጧል። የልብስ ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ከቀኙ በ3 ሴንቲ ይበልጣል።

ዛሬ ራጅ ተነሳ። የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ "አጥንቱ ላይ አንድ ነገር አለ። ሐሙስ ከፈት አድርገን ናሙና እንወስዳለን" አለ። ምንድነው ስለው "ናሙናው ነው የሚነግረን" አለኝ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ጭው አለ።

ሐሙስ ልውሰደው? ወይስ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር አለ?

የራጅ_ክፍል_ሰው | ሰኞ፣ ማታ 4:51

አይዞሽ እህቴ። ራጁን አላየሁትም፤ ባየውም እዚህ ሆኜ ምርመራ አልሰጥም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ አጥንት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም። ልጆች ወድቀው ራጅ ስናነሳ በአጋጣሚ የምናያቸው፣ ምንም የማያደርጉ፣ ልጁ ሲያድግ ራሳቸው የሚጠፉ ነገሮች አሉ። ሌሊት እየቀሰቀሰ በአይቡፕሮፊን ጸጥ የሚል ትንሽ ዕጢም አለ፤ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ ይባላል፣ ካንሰር አይደለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ ይህ ዕድሜ፣ ከጉልበት በላይ፣ የሌሊት ሕመምና እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ እኛ ክፍል ውስጥ ወሬ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ኤምአርአይ ታዝዟል? ካልታዘዘ ከናሙናው በፊት ይነሳ። ከተከፈተ በኋላ ደሙና እብጠቱ ምስሉን ያበላሹታል፤ ዕጢው የት እንደሚያበቃ አይለይም። ደግሞ ጉልበቱ ብቻ አይበቃም። የጭኑ አጥንት ከዳሌ እስከ ጉልበት በሙሉ ይነሳ። አንዳንዴ እዚያው አጥንት ውስጥ ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ነጥብ ይኖራል። ጉልበት ብቻ ያነሳ ሰው አያየውም።

እንዲያው_ልበል | ሰኞ፣ ማታ 5:02

እኔ የምሰማው ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል ሲባል ነው። አታስነኪው እህቴ።

አጥንት_ቆጣሪ | ሰኞ፣ ማታ 5:40

ጡረታ የወጣሁ የአጥንት ሐኪም ነኝ። ከላይ ያለው አስተያየት እንዳያስፈራሽ። ናሙና ካልተወሰደ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ካልታወቀ ደግሞ የሚታከም ነገር የለም። "አታስነኪው" የሚለው ምክር ስንት ልጅ እንዳዘገየብን እኔ አውቃለሁ።

ግን ወሬው ከምንም አልተነሳም። የተሳሳተ ናሙና አወሳሰድ በእርግጥ ጉዳት ያመጣል። መርፌው ወይም ቢላው ያለፈበት መንገድ ሁሉ በዕጢው ሴል እንደተነካካ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በኋላ ዕጢው ሲወጣ ያ መንገድ፣ ከቆዳው ጠባሳ ጀምሮ፣ አብሮ ተቆርጦ መውጣት አለበት። አሁን አስቢው። ናሙና የሚወስደው ሰውና የመጨረሻውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሰው የተለያዩ ናቸው እንበል። የመጀመሪያው በሚቀለው በኩል ይከፍታል። ዋናው የደም ሥር አጠገብ ሊሆን ይችላል። በእግሩ ርዝመት መሰንጠቅ ሲገባው አግድም ሊሰነጥቀው ይችላል። ወደ ጉልበቱ መገጣጠሚያ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም ሲመጣ ሊድን ይችል የነበረው እግር ከእጁ ይወጣል።

ይህ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ሄንሪ ማንኪን የተባለው አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከዚያም በ1996 ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ቆጥሮ አሳይቷል። ሁለተኛው ጥናት 597 ሕሙማንን ያየ ነበር። ናሙናው ዕጢውን በሚያክመው ማዕከል ሳይሆን ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሲወሰድ ስህተቱና መዘዙ ከ2 እስከ 12 እጥፍ ይበልጣል። በ14 ዓመት ልዩነት የተሠሩት ሁለቱ ጥናቶች ያሳዩት ያንኑ ነው። በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ለሐኪምሽ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢ፦ "ዶክተር፣ መጥፎ ነገር ከሆነ የመጨረሻውን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?" መልሱ "አይደለሁም" ከሆነ ናሙናውን የሚወስደው ያ የሚሠራው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መክፈት እንኳን አያስፈልግም፤ በምስል እየታየ በወፍራም መርፌ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ረስቼ። ከዛሬ ጀምሮ ኳስ ይቁም፣ ክራንች ይያዝ። ዕጢ የበላው አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ከተሰበረ ደሙ ሴሎቹን ይዞ በጡንቻው ውስጥ ይሰራጫል።

የሁለት_ሴቶች_አባት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12:15

ዶክተር ያሉት እኛ ላይ ደርሷል። ስለዚህ ልጻፍ።

ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነበር። ባቷ ላይ የጠርሙስ ክዳን የሚያህል እብጠት ወጣ። አያምም። እኛም "ስብ ነው" አልን፣ ያየው ቀዶ ሐኪምም "ስብ ነው" አለ። አልትራሳውንድ የለ፣ ኤምአርአይ የለ። ግማሽ ቀን ወስዶ አወጣው። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሳይኖቪያል ሳርኮማ ይላል፤ ሳርኮማ የአጥንት ወይም የሥጋ ካንሰር ነው። አወጣጡ ደግሞ ዕጢውን ከነልባሱ አልነበረም፤ ቆራርጦ ነበር።

ወደ ማዕከሉ ስንሄድ ቀዶ ሐኪሟ ጠባሳውን በጣቷ ተከትላ ዝም አለች። ከዚያ "እንደገና መግባት አለብን፤ አሁን ግን የት እንዳለ አላውቅም፣ የነካውን ሁሉ ነው የማወጣው" አለች። የባቷ ግማሽ ሄደ። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈ። ከዚያ ጨረር። ልጄ ዛሬ ደህና ናት፤ ትራመዳለች። ግን ያ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር።

ሰው የማያምን እብጠት ይንቃል። የጡንቻና የስብ ዕጢ ብዙ ጊዜ አያምም እኮ። ያደገ፣ ጠለቅ ያለ፣ ወይም ከ5 ሴንቲ የበለጠ እብጠት ምስል ሳይነሳ አይነካም። ለኛ የነገረን አልነበረም።

እንቅልፍ_አጣሁ | ማክሰኞ፣ ቀን 9:30

ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም፣ ዛሬ ሄድኩ። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፌ ያዝኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወረቀቱን ሰጠሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አነበበው። ሁለቴ አነበበው መሰለኝ። "እኔ አይደለሁም የምሠራው" አለ። ስልኩን አነሳ። የልጆች ሳርኮማ የሚያክም ማዕከል ያለ ጓደኛውን ደውሎ አገኘ። ኤምአርአዩ ነገ ነው፣ ቀጠሮው ዓርብ። ሲሸኘኝ "ጥሩ አደረግሽ" አለኝ።

ልጄ ክራንቹን ጠልቶታል። ወንድሙ ግን እየተሽቀዳደመ ይሄድበታል።

31_ጠዋት | ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

ጎበዝ! እኔ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ አራት ወር ፈጀብኝ።

የኔ ልጅ ኢዊንግ ሳርኮማ ነበረባት፤ ዳሌዋ አጥንት ላይ። ትኩሳት ነበራት፣ የደም ምርመራዋም ኢንፌክሽን ይመስል ነበር። ስለዚህ በአጥንት ኢንፌክሽን ተይዛ ስድስት ሳምንት አንቲባዮቲክ ወሰደች። ሰዉን አልወቅስም፤ ኢዊንግ በደንብ ያስመስላል። በኋላ የማዕከሉ ሰዎች የነገሩኝ ደንብ ግን አይረሳኝም፦ ናሙና ሲወሰድ ሁልጊዜ ግማሹ ወደ ፓቶሎጂ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ወደሚያዩት)፣ ግማሹ ወደ ባክቴሪያ ምርመራ። ሁለቱም፣ ሁልጊዜ።

ስትሄጂ ፓቶሎጂስቱ የልጆች ሳርኮማ የሚያይ መሆኑን ጠይቂ። በማይክሮስኮፕ ኢዊንግም፣ ራብዶማዮሳርኮማም (የጡንቻ ካንሰር ነው)፣ አንዳንድ የደም ካንሰርም ትንንሽ ክብ ሰማያዊ ሴል ሆነው ነው የሚታዩት። ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የጂን ምርመራው ነው። ኢዊንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጂኖች ተቆርጠው ይገጣጠማሉ። ኢደብሊውኤስአር1 እና ኤፍኤልአይ1 ይሏቸዋል። ለኛ ያንን ምርመራ ለመጠበቅ 9 ቀን ፈጀ። በሕይወቴ ከዚያ የረዘመ 9 ቀን የለም። ግን የመድኃኒቱ ዓይነት የሚወሰነው በዚያ ነው፣ ያልጠበቀ ሰው በተሳሳተ መድኃኒት ነው የሚጀምረው።

እንቅልፍ_አጣሁ | ከ16 ቀን በኋላ፣ ማታ 3:40

ውጤቱ መጣ። ኦስቲዮሳርኮማ፤ የአጥንት ካንሰር። ሳንባው በሲቲ ስካን ንጹሕ ነው። የአጥንት ስካኑም ሌላ ቦታ አላሳየም።

ሰኞ ዕለት ለካ ስብሰባ አላቸው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሟ፣ የምስል ሐኪሙ፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የጨረር ሐኪሟ አንድ ክፍል ተቀምጠው የልጄን ፊልም ግድግዳ ላይ አድርገው ተከራከሩ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ነገረን። መጀመሪያ 10 ሳምንት ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ እንደገና ኬሞ። ጨረር ለዚህ ዓይነቱ ብዙ አይሠራም አሉ።

ለልጄ ራሷ የካንሰር ሐኪሟ ናት የነገረችው። አጠገቡ ወለል ላይ ቁጭ ብላ። "ካንሰር" የሚለውን ቃል አልደበቀችም። እሱ "እግሬን ትቆርጡታላችሁ?" አላት። "እስካሁን አላውቅም፤ ሳውቅ ከእናትህ በፊት ላንተ እነግርሃለሁ" አለችው። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም።

አንድ ነገር አልገባኝም። ዕጢው እዚያው እያለ ለምን 10 ሳምንት እንጠብቃለን? ለምን ዛሬ አያወጡትም?

አጥንት_ቆጣሪ | በማግስቱ፣ ጠዋት 2:10

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ወላጅ ይጠይቀዋል።

እኔ ትምህርት ስጀምር ያስተማሩን ሰዎች ኬሞ ሳይመጣ የሠሩ ነበሩ። እግሩን ወዲያው ይቆርጡ ነበር። ንጹሕ አድርገው። ያም ሆኖ ከ5 ልጆች 4ቱ ገደማ ዕጢው በሳንባ ይመጣባቸው ነበር። ማለትም በምርመራው ቀን ሳንባው "ንጹሕ" የተባለ ልጅ እንኳ ብዙ ጊዜ ፊልም የማያሳየው ጥቃቅን ዘር ሳንባው ውስጥ አለ። ቢላ ያንን አይደርስበትም። ኬሞ ይደርስበታል። ስለዚህ ኬሞው "እየጠበቅን" አይደለም፤ የሚገድለውን ነገር ቀድሞ መምታት ነው። ዛሬ ሳይሰራጭ የተገኘ ልጅ ከ3ቱ 2ቱ ገደማ ይድናል። ያ ልዩነት ከቢላ አልመጣም። ይህንን የምልሽ ዕድሜዬን ሙሉ ቢላ የያዝኩ ሰው ነኝ።

ሌላው፣ ሲወጣ ፓቶሎጂስቱ ዕጢውን ቆራርጦ ስንት በመቶው እንደሞተ ይቆጥራል። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ኮሪደር_ላይ_ነኝ | በዚያው ቀን፣ ቀን 7:45

ወሬያችሁ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ ልጅ ዕጢ 60 በመቶው ብቻ ነው የሞተው ተባልኩ። ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ይጨመርለት ብዬ ለመንኩ፣ እምቢ አሉኝ። ለምን?

ፋርማሲስቷ | በዚያው ቀን፣ ማታ 1:20

እህቴ፣ ስንፍና አይደለም። ያንን ጥያቄ 17 አገሮች ተሰብስበው መርምረውታል። ዩራሞስ-1 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ 2260 ሕሙማን ገብተውበታል። ዕጢያቸው በደንብ ላልሞተላቸው ልጆች ሁለት መድኃኒት ተጨመረላቸው። ከዕጢው አላዳናቸውም፤ ጉዳቱን ግን ጨመረባቸው። ሐኪሞችሽ እምቢ ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። 60 በመቶ ማለት ደግሞ አለቀለት ማለት አይደለም። የቀረውን ኬሞ በቀኑ መጨረስና የሳንባ ክትትሉን አለማጓደል ነው ዋናው። ሳንባ ላይ እንኳ ጥቂት ነጥብ ቢመጣ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው የዳኑ ልጆች አሉ።

ለ"እንቅልፍ_አጣሁ" ደግሞ፦ ሜቶትሬክሴት የሚባለው ቢጫ የኬሞ ፈሳሽ ሲገባ አትደንግጪ፣ ሽንቱም ቢጫ ይሆናል። መጠኑ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ማርከሻ አለው፤ ሉኮቮሪን። ከጀመረ 24 ሰዓት ገደማ ላይ ይሰጣል፣ ደሙ ውስጥ ያለው የሜቶትሬክሴት መጠን እስኪወርድ ይቀጥላል። አንድ ዶዝ አይዘለልም፤ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ይቀሰቀሳል። ነርሶቹ ሽንቱን እየወሰዱ መለኪያ ወረቀት ሲነክሩበት ታያለሽ። ሽንቱ አሲድ ከሆነ መድኃኒቱ ኩላሊት ውስጥ ይረጋል። እና እባክሽ፣ ለራስ ምታት ብለሽ አይቡፕሮፊን ወይም አስፕሪን ከኪስሽ አውጥተሽ እንዳትሰጪው። የጨጓራ መድኃኒትና አንዳንድ አንቲባዮቲክም እንዲሁ። መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጉታል።

የሌሊት_ተረኛ | በዚያው ቀን፣ ሌሊት 8:30

የልጆች ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ፤ ሰዓቱን አይታችሁ ፍረዱ።

ቴርሞሜትር ግዢ። ዛሬ። ኬሞ ከጀመረ በኋላ 38 ካየሽ ወደ ሆስፒታል ነው፤ "እስኪነጋ እንይ" የለም። ፓራሲታሞል ሰጥተሽ አታውርጂው፣ ትኩሳቱን ደብቆ እኛንም ያሳስተናል። ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞው በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ልጅ በጠዋት ይጫወታል፣ ማታ ይወድቃል። በር ላይ ስትደርሺ "ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ትኩሳት አለው" በይ፤ ጮክ ብለሽ። አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ወረፋ አትያዢ። አፍሪ የሚልሽ ካለ እኔ ልፈር።

ደረቱ ላይ ፖርት ይገባለታል፤ ከቆዳው ሥር የሚቀመጥ የመድኃኒት መስጫ ነው። ጥቅሙ በየጊዜው በመርፌ ከመወጋት ማዳኑ ብቻ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ መስመሩ አካባቢ ካቃጠለው ወይም ካበጠ ያን ሰከንድ ደውል ይጫን። ልጁንም አስተምሪው። የኔ ልጆች (ክፍሌ ውስጥ ያሉትን ነው) ከእናቶቻቸው ቀድመው ነው የሚጫኑት።

የልብ ምስልና የመስማት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መወሰዱን አረጋግጪ። ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ሲስፕላቲን የሚባለው ሌላው የኬሞ መድኃኒት ጆሮን ይነካል። የጆሮው ጉዳት መጀመሪያ ቀጭን ድምፆች ላይ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ይሰማሻል፣ አንቺም ደህና ነው ትያለሽ። በኋላ "ስ" እና "ሽ" ይምታቱበታል። ልጅሽ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ከኬሞ በፊት ስለ ዘር ማስቀመጥም እነግርሽ ነበር። ለማንኛውም ጠይቂ፤ ኬሞው ከጀመረ በኋላ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ፋርማሲስቷ | በማግስቱ፣ ጠዋት 3:00

ነርሷ ስለ ጆሮ ያለችው ላይ ልጨምር። ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል መከላከያ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቅዳዋለች። ሲስፕላቲኑ ካለቀ 6 ሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው። የጉበት ዕጢ ባለባቸው ልጆች ላይ ሲሞከር የመስማት ጉዳቱን ከ63 በመቶ ወደ 33 አውርዶታል። የሚፈቀደው ላልተሰራጨ ዕጢ ነው፤ የልጅሽ አልተሰራጨም። ለሐኪሟ አንሺላት። እሷ የማትሰጥበት ምክንያት ሊኖራት ይችላል፣ ግን ይነሳ።

እንቅልፍ_አጣሁ | ከ9 ሳምንት በኋላ፣ ማታ 5:10

በሕይወት አለን። ፀጉሩ ሄደ፣ ቅንድቡ ሄደ፣ ምላሱ አልሄደም። ነርሶቹን በካርታ ጨዋታ ያሸንፋቸዋል። ሁለቴ በትኩሳት ሌሊት ሮጠናል። "ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው" ብዬ ጮኬያለሁ፤ የሌሊት ተረኛ፣ አላፈርኩም።

አሁን የከበደኝ መጣ። ቀዶ ሐኪሙ ሦስት ምርጫ አስቀመጠልን። አንዱ የሚረዝም ብረት ማስገባት። ሁለተኛው እግሩን አዙሮ መግጠም፤ ስሙን እንኳ መጥራት አልቻልኩም። ሦስተኛው ከጉልበት በላይ መቁረጥ። ሦስቱም ዕጢውን እኩል ያወጡታል አለ። እውነት ነው? ወይስ ማቆየቱ አደጋ አለው? ልጄ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "በየትኛው ነው ኳስ የምጫወተው?"

አጥንት_ቆጣሪ | በዚያው ሌሊት፣ 6:25

እውነት ነው። ዕጢው በንጹሕ ጠርዝ እስከወጣ ድረስ የቆረጠ ከማይቆርጥ ይልቅ አያድንም። ሥጋትሽን ከዚያ ላይ አንሺው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የጭን አጥንት የሚረዝመው ባብዛኛው በታችኛው ጫፉ በኩል፣ ልክ ዕጢው ባለበት ነው። ያ ጫፍ በዓመት 1 ሴንቲ ገደማ ይሰጣል። ወንድ ልጅ 16 ዓመት ገደማ ድረስ ያድጋል ብለን ብንይዝ፣ ልጅሽ 5 ዓመት ቀረው። ጫፉን ካወጣነው እግሩ በ5 ሴንቲ ያጥራል። የ15 ዓመት ልጅ ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። በ11 ዓመቱ ግን ሁሉም ነገር በዚያ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ብረት_ለበስ | በማግስቱ፣ ጠዋት 1:50

እኔ የሚረዝም ብረት ነው የገባልኝ፣ በ12 ዓመቴ። ማራዘሚያው አያምም። እግሬን ቀለበት የመሰለ ማሽን ውስጥ አስገባለሁ፣ ማግኔቱ ይዞራል፣ ውስጤ ያለች ትንሽ ሞተር ትሽከረከራለች፣ በአንድ ቀጠሮ ጥቂት ሚሊሜትር። ጭኔ ላይ ጆሮህን ብትጥል ስትሠራ ትሰማታለህ።

ሱሪ ስለብስ ማንም አያውቅም። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር፣ አሁንም ነው። ግን መዝለል የለም፣ መሮጥ የለም፣ ኳስ የለም። አንድ ጊዜ ኢንፌክሽን ያዘውና ብረቱ በሙሉ ወጣ፣ ሦስት ወር ተኝቼ ሌላ ገባ። እድሜ ልኬን እንደሚቀየር አውቄ ነው የምኖረው። አልጸጸትም። ኳስ ግን ካለ... ለሱ ብዬ አልዋሽም።

ተረከዜ_ወደፊት | በማግስቱ፣ ቀን 6:00

ስሜን አይታችሁ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ሮቴሽንፕላስቲ ይባላል። በ10 ዓመቴ ነው የተሠራልኝ፣ አሁን 27 ነኝ።

እንዲህ ነው። ዕጢው ያለበት የጭን አጥንትና ጉልበቱ ይወጣሉ። ከታች ያለው ደህናው ቅልጥም ከነእግሩ ጣት 180 ዲግሪ ይዞርና ወደ ላይ ተስቦ ከጭኑ ይገጠማል። ቁርጭምጭሚቴ ያለው ጉልበቴ በነበረበት ነው። እግሬ ወደኋላ ያያል፣ ተረከዜ ወደፊት። ከዚያ ሰው ሠራሽ እግር ይለበስበታል። የእግሬን ጣቶች ወደ ታች ስገፋ "ጉልበቴ" ይዘረጋል። ስስባቸው ይታጠፋል። ዋናው ነርቭ አይቆረጥም፤ ተጠቅልሎ ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የተቆረጠ እግር እንደሚያሳክክና እንደሚያም የሚሉትን እኔ የማላውቀው። እሱ እግሬ እውነተኛ እግሬ ነው፤ ሲበርደው ይበርደዋል።

ኳስ እጫወታለሁ። አጥቂ አልነበርኩም፣ አሁንም አይደለሁም።

መጥፎውን ደግሞ ልንገርሽ፤ ሌላ ሰው ላይነግርሽ ይችላል። ያስደነግጣል። መጀመሪያ ፋሻው ሲፈታ እናቴ ከክፍሉ ወጣች፤ እስካሁን ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ልጆች ያፈጣሉ። መዋኛ ቦታ ያፈጣሉ። 15 ዓመቴ ላይ ለአንድ ዓመት ሙሉ ጠልቼው ነበር። ስለዚህ ልጁ ከመወሰኑ በፊት በፎቶ ሳይሆን በአካል አንድ ሰው ይይ። ማዕከሉ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ልጁ ሲራመድ ይየው፣ ሲያወልቀው ይየው፣ ሲለብሰው ይየው። ከዚያ እሱ ይምረጥ። የሚኖርበት እሱ ነው።

የሁለት_ሴቶች_አባት | በማግስቱ፣ ቀን 6:40

ወንድሜ፣ ይህንን ስለጻፍክ እግዜር ይስጥህ።

እንዲያው_ልበል | በማግስቱ፣ ቀን 8:15

መጀመሪያ ላይ አታስነኪው ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ተከትዬ አነበብኩ። የእህቴ ልጅ ትከሻው ላይ እብጠት አለ፣ ሰው ሁሉ ተዉት እያለ ነው። ዛሬ ደውዬ "ምስል ይነሳ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው" አልኳት።

እንቅልፍ_አጣሁ | ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ማታ 3:00

ማዕከሉ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አገናኘን፣ የተገጠመላት። ሁለቱ በር ዘግተው አንድ ሰዓት አወሩ። ሲወጣ "እማ፣ የዞረውን" አለ። በቃ።

ቀዶ ሕክምናው 9 ሰዓት ፈጀ። ጠርዙ ንጹሕ ነው። የናሙናው መንገድ፣ ያቺ ትንሽ ጠባሳ፣ አብራ ወጥታለች፤ ቀዶ ሐኪሙ ሥዕል ሠርቶ አሳየኝ። ከዕጢው 94 በመቶው ሞቷል። ኬሞው በሦስተኛ ሳምንት ቀጠለ።

ፋሻው ሲፈታ ከክፍሉ አልወጣሁም። ተረከዜ_ወደፊት፣ አንተ ስለነገርከኝ ነው። አስቀድሜ አውቄ ነበር፤ ቢሆንም አልጋው ብረት ላይ ተንጠላጥዬ ነው ያየሁት። ልጄ አንገቱን ቀና አድርጎ አየና ጣቶቹን አንቀሳቀሳቸው። ሁሉም ተንቀሳቀሱ።

አሁን አጠገቤ ሆኖ የምጽፈውን እያየ ነው። ጥያቄ አለኝ ይላል፣ ላንተ። ቃሉን ሳልቀይር፦ "ሰው ሠራሹን እግር ለብሼ ተረከዜን ከበላኝ በየት በኩል ነው የማከው?"

ተረከዜ_ወደፊት | በዚያው ማታ፣ 3:12

ከፊት ለፊት፣ ጉልበትህን እንደምታክ። መጀመሪያ ግን ማውለቅ አለብህ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ያዝ፤ በላይ በኩል ትገባለች። ለነርሷ እንዳትነግራት።

የሌሊት_ተረኛ | በዚያው ማታ፣ 3:15

አንብቤዋለሁ።